ያፈሳል ብዬ ልመልሰው የነበረው ቀላል ድንኳን፣ ከ40 ሌሊት በኋላ

ይሄን ድንኳን በገዛሁ በሦስተኛው ሌሊት ልመልሰው ወስኜ ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ወንዝ ዳር ሳር ላይ ተክለን ተኝተን ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ ግንባሬ ላይ ጠብ ያለ ነገር ቀሰቀሰኝ፣ እጄን ሰድጄ የስሊፒንግ ባጌን (ገብተው ሚተኙበት የመኝታ ከረጢት ነው) እግርጌ ስዳብሰው ርሷል፣ የግንባር ባትሪዬን ሳበራ ደሞ የላይኛው ሽፋን ውስጡ ከዳር እስከ ዳር ውሃ ብቻ ነው። ወንድሜም ነቅቶ «አንቺ፣ ይሄ ነገር ያፈሳል እኮ!» አለኝ። ተናድጄ ዚፑን ከፍቼ ጭንቅላቴን ብቅ ሳደርግ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ኮከብ በኮከብ ነው። ደመና የለ፣ ዝናብ የለ፣ ማታም አልዘነበም። ታዲያ ውሃው በየት በኩል ገባ?

ይሄን ሪቪው ለመጻፍ የተነሳሁት በዚች ጥያቄ ምክንያት ነው። ቀላል ድንኳን ገዝተው «ውሃ ያስገባል» ብለው አንድ ኮከብ ሰጥተው የሚመልሱ ሰዎች የጻፉትን ሳነብ ብዙዎቹ ላይ ያቺን የኔን ሌሊት ነው ማየው። እኔም አንዷ ልሆን ነበር፣ ዕቃውን ለመመለስ ግን ቀን ስላልተመቸኝ ቆየሁ፣ በቆየሁበት ደሞ ነገሩን መከታተል ጀመርኩ፣ አሁን ወደ 40 ሌሊት ገደማ ተኝቼበታለሁ። ስሙን አልጠራም፣ ማወራው ስለ ጨርቁና ስለ አሠራሩ ስለሆነ፣ በዚህ ክብደት ካሉት ድንኳኖች ብዙዎቹ ደሞ ከዚሁ ዓይነት ጨርቅ ነው የሚሠሩት።

የ2 ሰው ነው፣ ከነካስማው ከነገመዱ ሚዛን ላይ 1.4 ኪሎ መዝኗል። ሁለት ንብርብር ነው፣ የውስጠኛው እንደ አጎበር ያለ መረብ፣ የላይኛው ሽፋን 15 ዴኒየር ናይለን ሆኖ በውጭ ሲሊኮን በውስጥ ፖሊዩሬቴን የተቀባ፣ ሁለቱም ውሃ እንዳያልፍ የሚቀቡ እንደ ስስ ላስቲክ ያሉ ነገሮች ናቸው። ዴኒየር ማለት 9,000 ሜትር ክር በግራም ስንት ይመዝናል ማለት ነው፣ ስለዚህ የዚህ ጨርቅ ክር 9 ኪሎ ሜትር ሙሉ ተዘርግቶ 15 ግራም ነው፣ እስቲ አስቡት። እጄን ከጀርባው አድርጌ ወደ ብርሃን ሳዞረው የጣቶቼን ጥላ አንድ በአንድ እቆጥራለሁ። እንዲህ የሳሳ ነገር ዝናብ ይችላል ብሎ ማመን ይከብዳል፣ ግን ይችላል፣ ወደዛ እመጣለሁ።

ወረቀቱ ላይ ለሽፋኑ 1,500 ሚሊ ሜትር ለወለሉ 3,000 ሚሊ ሜትር ይላል። ይሄ ቁጥር ብዙ ሰው ያምታታል፣ ትርጉሙ ግን ቀላል ነው፣ ጨርቁ ላይ ቱቦ አቁማችሁ ውሃ ብትሞሉበት ውሃው ምን ያህል ቁመት ሲደርስ ነው ጨርቁ ማሳለፍ ሚጀምረው ማለት ነው። ሲፈትኑት የውሃውን ግፊት ቀስ እያሉ ይጨምሩና በማዶ በኩል ሦስተኛው ቦታ ላይ ጠብታ ብቅ ሲል ያቺን ቁጥር ይመዘግባሉ። 1,500 ማለት እንግዲህ አንድ ሜትር ተኩል የቆመ ውሃ ተሸክሟል ማለት ነው፣ ለተወጠረ ጣራ ይሄ ይበቃል፣ ውሃው እኮ አይቆምበትም ተንሸራቶ ነው ሚወርደው። አንዳንዱ ግን 5,000 ምናምን የሚል ሲያይ ድንኳኑ ሌሊቱን ደረቅ ሆኖ ሚያድር ይመስለዋል፣ እኔም እንደዛ ነበር ምገምተው። ቁጥሩ ሚነግራችሁ ውሃ ከውጭ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ነው፣ ውስጥ ያለው ውሃ በየት እንደሚወጣ ምንም አይልም። እንደውም ቀቡ ውሃን በደንብ በዘጋ ቁጥር እንፋሎቱንም እዛው ያስቀረዋል።

የዛን ሌሊት ውሃ ከኛው ነው የመጣው፣ ከትንፋሻችንና ከቆዳችን። አንድ አዋቂ ሰው ዝም ብሎ ተኝቶ በ8 ሰዓት ውስጥ በግምት ሩብ ሊትር ውሃ በትንፋሽና በቆዳ ያወጣል፣ ላብ ሳይጨመር። ሁለት ስንሆን ግማሽ ሊትር። አሁን አየሩ ምን ያህል ይይዛል በሉኝ፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 20 ዲግሪ ላይ 17 ግራም ገደማ እንፋሎት ይይዛል፣ 10 ዲግሪ ሲሆን 9 ግራም፣ 0 ላይ ሲደርስ 5 ግራም እንኳን አይሞላም። የኔ ድንኳን ውስጥ ያለው አየር ቢበዛ 2 ሜትር ኩብ ነው። ስለዚህ በ10 ዲግሪ ሌሊት ሙሉው አየር መያዝ ሚችለው 20 ግራም የማይሞላ ውሃ ሆኖ እኛ 500 ግራም እየተነፈስንበት ነው ያደርነው። አየሩ እየተቀየረ ይዞት ካልወጣ በቀር የቀረው ሄዶ የሚያርፈው ከሁሉ የቀዘቀዘው ነገር ላይ ነው፣ እሱም ያ ስስ ጨርቅ ነው። ይሄን ሒሳብ ወረቀት ላይ ስሠራው ነው ድንኳኑን ያለ ጥፋቱ እንደወነጀልኩት የገባኝ፣ በዚህኛው እንኳን።

ጨርቁ ለምን ያን ያህል ይቀዘቅዛል ለሚለው ደሞ ሰማዩ ነው። ጥርት ባለ ሌሊት ደጅ ያለ ነገር ሁሉ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል፣ ጠዋት የመኪና መስታወት ጤዛ ለብሶ ምታገኙት በዚሁ ነው። ስስ ጨርቅ ሙቀት ሚያጠራቅምበት ውፍረት ስለሌለው በዙሪያው ካለው አየር በታች ይቀዘቅዛል። ይሄን ለማየት አንድ ሌሊት ድንኳኑን ባዶውን ሳር ላይ ተክዬ ዚፑን ዘግቼ ሌላ ቦታ ተኛሁ። ጠዋት ሳየው ማንም ሳይተነፍስበት ከውጭም ከውስጥም እርጥብ ነበር፣ ውጩ ጤዛ፣ ውስጡ ደሞ ከሳሩና ከመሬቱ የተነሳ እርጥበት። በማግስቱ ማታ እዛው አካባቢ ከወንዙ ትንሽ ከፍ ብዬ ሰፊ ዛፍ ስር ተከልኩት፣ ሁለታችንም ተኛንበት፣ ጠዋት ጨርቁ ላይ እጄን ሳሳልፍ መዳፌ ትንሽ ወዛ ከማለት አላለፈም። ዛፉ ሰማዩን ይጋርድለታል፣ ከፍ ማለቱ ደሞ ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ወደ ረባዳው ስለሚወርድ ነው። (የደረቀ ቅርንጫፍ ያለው ዛፍ ስር ግን በፍጹም አትተኙ፣ ነፋስ አይታመንም።)

አሁን ወደ ድንኳኑ ድክመት ልምጣ ምክንያቱም ሁሉንም በሰማዩ ማላከክ ፍትህ አይደለም። የአየር መውጫው አንድ ነው፣ እሱም በአንደኛው ጫፍ ብቻ፣ የመዳፍ ያህል ስፋት ያላት። እሷንም ደግፎ ሚያቆማት ትንሽ እንጨት መሳይ ላስቲክ አለ፣ በቬልክሮ ነው ሚያያዘው፣ ቬልክሮዋ ግማሽ ሌሊት ላይ ትለቃለች መውጫውም ክድን ይላል። ሽፋኑ ደሞ ዙሪያውን እስከ መሬቱ አራት ጣት እስኪቀረው ድረስ ይወርዳል፣ ለነፋስና ለሚረጭ ዝናብ ጥሩ ነው ለአየር ግን መጥፎ። አየር እንዲዘዋወር ከታች ገብቶ ከላይ መውጣት አለበት፣ ሞቃቱና እርጥቡ ወደ ላይ ነው ሚሄደው፣ ልክ እንደ ጢስ። እዚህ ላይ የሠራው ሰው ትንሽ ቢያስብበት ኖሮ 20 ግራም ጨምሮ በሌላኛውም ጫፍ መውጫ ያደርግ ነበር። ለዚህ ነው ኮከብ የቀነስኩበት።

እኔ ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። መደገፊያዋን ጣልኳትና በአጭር ዱላ ተካሁ፣ አትወድቅም። በነፋሱ ጀርባ በኩል ያለውን የሽፋኑን በር ጠቅልዬ ግማሽ ክፍት አሳድራለሁ፣ መረቡ ስላለ ትንኝ አይገባም። ሽፋኑን ከካስማ ጋር ሚያገናኘውን ገመድ አስረዝሜ ጫፉ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ እንዲል አደረግኩ። ወንድሜ መጀመሪያ አልተስማማም፣ «እንዴ፣ ብርዱ ይገድለናል፣ ዝጊው» አለኝ። እኔ ግን «ወንድሜ፣ የብርዱ ሥራ የስሊፒንግ ባግህ ነው፣ ድንኳኑማ ነፋስና ዝናብ ይመልስ» ብዬው ለአንድ ሌሊት ብቻ ሞክረን ከዛ በኋላ ዝጊ ብሎኝ አያውቅም፣ ምክንያቱም እርጥብ ስሊፒንግ ባግ ከተከፈተ በር የባሰ ያበርዳል፣ በተለይ የላባ ከሆነ ላባው ሲርስ ይሟሽሻል ሙቀት መያዙን ይተዋል።

ልዩነቱን በኩባያ ለካነው። በአንድ ሁሉን ዘግተን ባደርንበት ጠዋት የሽፋኑን ውስጥ በትንሽ ፎጣ እየጠረግን ኩባያ ውስጥ ጨመቅነው፣ ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረው። በማግስቱ እዛው ቦታ፣ ሰማዩም እንደዛው ጥርት ያለ፣ በሩንና መውጫውን ከፍተን አደርን፣ ፎጣዋ ረጠበች እንጂ ስትጨመቅ ጠብታ አልወጣትም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ድንኳን ውስጥ እሳት አታንድዱ፣ ምግብ አታብስሉ። ጋዝ ሲቃጠል ራሱ ውሃ ይሆናል፣ 100 ግራም ቡቴን ሲነድ 155 ግራም ውሃ ያወጣል፣ ከድስቱ ከሚነሳው እንፋሎት ሌላ ማለት ነው። ከእርጥበቱ በላይ ደሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ አለ፣ ሽታ የለው ቀለም የለው፣ ተኝተው ያልተነሱ ሰዎች አሉ። ይሄ ቀልድ አይደለም።

ዝናቡስ? ዝናብ ላይ ድንኳኑ ጎበዝ ነው። አንዴ ከማታ 2 ሰዓት እስከ ንጋት ያላቋረጠ ዝናብ መጣ፣ የጨርቁ መሀል አንድ ጠብታ አላሳለፈም። ግን ናይለን አንድ ጠባይ አለው፣ ውሃ ይመጥና ይለጠጣል። ሲመሽ እንደ ከበሮ ወጥራችሁ የተከላችሁት በሁለት ሰዓት ውስጥ ረግቦ ይንጠለጠላል፣ ረግቦ መረቡን ሲነካ ደሞ ከውስጥ ያዘለው ጤዛ በመረቡ አልፎ እናንተ ላይ ነው ሚያርፈው፣ ያኔ ሁሉም ሰው አፈሰሰ ይላል። መፍትሔው ዝናቡ ከጀመረ ከአንድ ሰዓት በኋላ አንዴ ወጥቶ ገመዶቹን መልሶ መወጠር ነው፣ ደስ አይልም ግን ግድ ነው። አብሮን የሚወጣ ጓደኛችን በሲሊኮን የተነከረ ፖሊስተር ድንኳን አለው፣ የሱ ሌሊቱን ሙሉ እንደተወጠረ ያድራል፣ ፖሊስተር ውሃ መጠጣት ብዙም አይሆንለትም፣ ፀሐይንም ከናይለን ይሻላል ይባላል እኔም አምናለሁ። በዛው ክብደት ሲነጻጸር ግን ፖሊስተር ቶሎ ይቀደዳል፣ ስለዚህ እሾህ የበዛበት ቦታ ለሚሄድ ናይለኑን እመርጣለሁ፣ ለዝናብ ሀገር ፖሊስተሩን።

ከባድ ዝናብ ላይ ሌላም ግራ ሚያጋባ ነገር አለ። ትልልቅ ጠብታ ጨርቁን ሲመታው ከውስጥ የተጠራቀመውን ጤዛ እንደ ጉም አድርጎ ይረጨዋል፣ ፊታችሁ ላይ ስስ ርጭት ይሰማችኋል። ዝናቡ ጨርቁን በስቶ የገባ ነው ሚመስለው፣ የራሳችሁ ትንፋሽ ተመልሶ መምጣቱ ነው።

ከዳይኒማ ኮምፖዚት የተሠራ ድንኳንም ተውሼ ሁለት ሌሊት ተኝቼ ነበር። እሱ ሽመና ሳይሆን ጠንካራ ክር በሁለት ስስ የፖሊስተር ፊልም መሀል የተጣበቀበት ነው፣ ውሃ አይጠጣ፣ አይለጠጥ፣ ሲይዙት ወረቀት ነው ሚመስለው። በጣም ወድጄዋለሁ፣ ዋጋው ግን የትየለሌ ነው፣ ጤዛውም ያው ነው፣ እንደውም የውስጥ መረብ የሌለው ነጠላ ንብርብር ስለነበር ክንዴ በነካው ቁጥር እጅጌዬ ይርስ ነበር። እንደ ጎርቴክስ ያሉ «የሚተነፍሱ» ጨርቆችም የተፈጥሮን ሕግ አይሽሩም፣ እንፋሎቱ ሚወጣው ውስጡ ከውጩ ይበልጥ ሞቃትና እርጥብ ሲሆን ነው፣ ደጁም ውስጡም እኩል እርጥብ በሆነበት ዝናባማ ሌሊት ሚገፋው ነገር የለም። የድሮው የሸራ ድንኳን በዚህ በዚህ ይበልጣቸው ነበር፣ ጥጡ ይተነፍሳል፣ ሲርስ ደሞ ክሩ አብጦ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ክብደቱን ግን ማን ይሸከመዋል።

አሁን እውነተኛው ማፍሰስ። ነበረ፣ አልደብቅም። ወደ 15ኛው ሌሊት ገደማ ዝናብ እየዘነበ በወንድሜ ራስጌ በኩል ውሃ ተጠራቀመ፣ ሁልጊዜ እዛው ቦታ። ጤዛ ጨርቁን ሙሉ እኩል ነው ሚያለብሰው፣ ማፍሰስ ግን አንድ ቦታ ይመርጣል፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ስፌት ነው። ስፌቱን በፎጣ አድርቄ ሶፍት ለጠፍኩበትና ባትሪዬን ይዤ ተጠጋሁ። የገመዱ ማሰሪያ የተሰፋበት ጋ በአንደኛዋ የመርፌ ቀዳዳ ውሃ እንደ መርፌ ጭንቅላት አበጠ፣ ቆየት ብሎ ክሩን ተከትሎ ተንሸራተተ፣ ሶፍቱ ላይ ክብ ነጠብጣብ ሠራ፣ ከዛ ሌላ አበጠ። ዋናዎቹ ስፌቶች ከውስጥ በቴፕ ታሽገዋል፣ ማሰሪያዎቹ የተሰፉበት አራቱ ቦታ ግን አልታሸገም። ፋብሪካው ይሄን ወረቀቱ ላይ ሊጽፈው ይገባ ነበር፣ አልጻፈም፣ ለሁለተኛው የቀነስኩት ኮከብ ይሄ ነው።

ጥገናው ግን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ልብ በሉ፣ ሲሊኮን የተቀባ ገፅ ላይ ከሲሊኮን በቀር ምንም አይጣበቅም፣ የፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ብትቀቡበት ደርቆ እንደ ቅርፊት ይላቀቃል። እኔ የሲሊኮን ማሸጊያ በትንሽ የቀለም ማቅጠኛ አቅጥኜ ከውጭ በኩል ስፌቱን በትንሽ ብሩሽ ቀባሁት፣ ደጅ አየር ላይ፣ ሽታው ከባድ ነው። አንድ ሌሊት አደረ። ከዛ ወዲህ አንዲት ጠብታ አላሳለፈም።

ወለሉ 3,000 ነው ብያችኋለሁ። እዚህ ጋ ቁጥሩ ትርጉም አለው፣ ምክንያቱም ወለል ይረገጣል። ጉልበታችሁን አስደግፋችሁ 35 ኪሎ ያህል 50 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ብታሳርፉ በካሬ ሴንቲ ሜትር 700 ግራም ይሆናል፣ ይሄ የ7 ሜትር ውሃ ግፊት ነው፣ ማለትም 7,000 ሚሊ ሜትር። ስለዚህ ውሃ በተኛበት መሬት ላይ ከተንበረከካችሁ ጉልበታችሁ ስር መርጠቡ አይቀርም፣ ጨርቁ ተበላሽቶ አይደለም። ፍራሽ ላይ ስትተኙ ክብደቱ ስለሚበተን ችግር የለም። ከስር ላስቲክ ምታነጥፉ ከሆነ ከወለሉ ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፉት፣ ከወጣ የዝናቡን ውሃ ሰብስቦ ከስራችሁ ያስገባዋል።

ስለ አያያዙ ባጭሩ። ከ0 በታች በሆነ ሌሊት ጤዛው ጨርቁ ላይ በረዶ ይሆናል፣ ሳይቀልጥ በፊት መታ መታ አድርጋችሁ አራግፉት። ጠዋት ርሶ ብትጠቀልሉትም ማታ ሳትተኙ ዘርጉት፣ ቤት ስትገቡ ደሞ እስኪደርቅ ድረስ ጠቅልላችሁ አታስቀምጡት። ፖሊዩሬቴን በእርጥበት ይበሰብሳል፣ ከዚህ በፊት የነበረኝን ድንኳን እርጥቡን ከረጢቱ ውስጥ ረስቼው ከስንት ወር በኋላ ስከፍተው ጨርቁ ከጨርቅ ተጣብቆ፣ እንደ ትውከት የሚሸት፣ ቀቡ በጣቴ ሲነካ እየተላጠ ነበር። እሱን ያተረፈ ሰው አላውቅም፣ ጣልኩት፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ። አንድ በመውጫው፣ አንድ በስፌቱ። ለጨርቁ ብቻ ቢሆን 5 ነበር። ልትገዙ ያሰባችሁ ሚሊ ሜትሩን ከማየታችሁ በፊት ድንኳኑን አስተክላችሁ ውስጡ ገብታችሁ ተኙ፣ እግርና ራስ ጨርቁን ይነካ እንደሆነ እዩ፣ መውጫው ስንት ነው፣ ዝናብ እየዘነበ ክፍት መሆን ይችላል ወይ፣ ቴፑ የት ጋ ነው ሚያቆመው ብላችሁ በጣታችሁ ስፌቱን ተከተሉት።

እኔ ድጋሚ ልግዛ ብል ሁለት መውጫ ያለውን ነው ምፈልገው፣ ይሄኛውን ግን አልሸጠውም። የሚቀጥለው ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ልብስ ሰፊ ጋ ወስጄ በሌላኛው ጫፍ፣ ከወንድሜ ራስጌ በላይ፣ መረብና ክዳን ያለው ሁለተኛ መውጫ አስወጣለታለሁ፣ ስፌቱን እኔው በሲሊኮን እቀባዋለሁ፣ ጠዋት በኩባያዋ ለክቼ ውጤቱን እዚሁ እጨምርበታለሁ።